ሰንጠረዡ የት ይደር? ዳታቤዞች ሳይጠይቁን ስለሚወስኑት ቦታ

ስልካችሁ «የማከማቻ ቦታ ሞልቷል» ብሏችሁ ያውቃል? መቼም አያውቅም አትሉኝም። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ስልኩ ውስጥ የገባው ሚሞሪ ካርድ ግማሹ ባዶ ነው። ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ ከቴሌግራም የወረደው ሁሉ የስልኩ ውስጠኛ ማከማቻ ላይ ተከምሯል፤ ካርዱ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ለምን? «እዚያ ይቀመጥ» ስላላችሁ አይደለም። ምንም ሳትሉ ስለቀራችሁ ነው። ሰው ዝም ሲል ማን ይወስናል? ሶፍትዌሩን የሠራው ሰው፤ ያውም ከዓመታት በፊት፣ የእናንተን ስልክ ሳያይ።

ይህ ዝም ስንል የሚደረግልን ምርጫ «ዲፎልት» ይባላል፤ በአማርኛ በተዘጋጁ ስልኮች ላይ ደግሞ «ነባሪ» ተብሎ ታገኙታላችሁ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ የተለየ ነባሪ ነው። ዳታቤዝ ውስጥ አዲስ ሰንጠረዥ ስትፈጥሩና የት እንደሚቀመጥ ሳትናገሩ ስትቀሩ፣ ሰንጠረዡ የት ሄዶ ያድራል? ነገሩ ደረቅ ይመስላል፤ አውቃለሁ። ግን የባንክ ሂሳብ፣ የታካሚ ካርድ፣ የተማሪ ውጤት የሚያርፈው እዚያ ነው። ቦታው ሲሞላ ወይም ሲጠፋ የሚቆመው የሰው ጉዳይ ነው። ስለዚህ የታወቁ ዳታቤዞች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደመለሱት አንድ በአንድ እንይና፣ ያማረውን አማረ፣ ያላማረውን አላማረም እንበል።

ዝም ማለትም መምረጥ ነው

«ያልተስማማው ይቀይረው!» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ነባሪ ሁሉ ሊቀየር ይችላል። ችግሩ ሰው አይቀይርም። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤሪክ ጆንሰንና ዳንኤል ጎልድስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ጉዳዩ ከሞት በኋላ የአካል ክፍልን ስለመለገስ ነበር። ጀርመን ውስጥ ለጋሽ መሆን የሚፈልግ ሰው ራሱ ፈቃዱን መግለጽ ነበረበት፤ ፈቃደኛ ተብሎ የተቆጠረው 12 በመቶ ብቻ ነው። ጎረቤቷ ኦስትሪያ ደግሞ «እምቢ» ያላለውን ሁሉ እንደ ፈቃደኛ ትቆጥራለች፤ እዚያ ቁጥሩ 99.98 በመቶ ነበር። ሁለቱ አገሮች ቋንቋቸው አንድ፣ ኑሯቸው ተቀራራቢ ነው። ይህን ሁሉ ልዩነት በዋናነት ያመጣው ዝም ያለ ሰው ከየትኛው ወገን ይቆጠር የሚለው ሕግ ነው። ፈቃደኛ ተብሎ መቆጠርና አካልን በተግባር መለገስ አንድ እንዳልሆኑ ግን ልብ በሉ።

እንግዲህ በሞትና በሕይወት ጉዳይ ዝም የሚል ሰው፣ በዳታቤዝ ፎልደር ጉዳይ አፉን ሊከፍት ነው? አይመስለኝም። ስለዚህ ነባሪውን የሚመርጠው መሐንዲስ ሐሳብ ከማቅረብ አልፎ ለአብዛኛው ተጠቃሚ እየወሰነ ነው። እኔም ከዚህ በታች የምፈርደው በዚህ ሚዛን ነው።

ሰንጠረዥ ማለት መጨረሻው ፋይል ነው

ዳታቤዝ ውስጥ ሰንጠረዥ የምንለው በረድፍና በዓምድ የተደረደረ መረጃ ነው። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ውጤት፤ እንደ መምህር ማርክ መዝገብ አስቡት። ስክሪን ላይ ስታዩት ንጹሕ ሐሳብ ይመስላል። ሲወርድ ሲወርድ ግን ዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል ነው። ለምሳሌ ፖስትግሬስኪውኤል (ከዚህ በኋላ ፖስትግሬስ እያልን እናሳጥረው) እያንዳንዱን ሰንጠረዥ ስሙ ቁጥር በሆነ ፋይል ውስጥ ያኖረዋል። ሰንጠረዡ 1 ጊጋባይት ሲሞላ ሁለተኛ ፋይል ይከፈትለታል፣ ከዚያ ሦስተኛ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሌላ ነገር ካልተናገራችሁ በስተቀር ፋይሎቹ በሙሉ አንድ ዋና የመረጃ ፎልደር ሥር ይገባሉ።

ሁሉን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ምን ክፋት አለው? ለጀማሪ ምንም የለውም፤ እንዲያውም ደግ ነው። ቦታው አንድ ስለሆነ አትጠፉም፣ ባክአፕ ስትወስዱም የሚረሳ ነገር አይኖርም። ግን ሥራው ሲያድግ ሦስት ነገሮች ይመጣሉ። አንደኛው ቦታ ነው፤ ዲስኩ ይሞላል። ሁለተኛው ዋጋ ነው፤ በየደቂቃው የሚነበበውን ፈጣንና ውድ ዲስክ ላይ፣ የአሥር ዓመት አሮጌውን መዝገብ ደግሞ ርካሹ ላይ ማድረግ ያዋጣል። ሦስተኛው ፍጥነት ነው፤ እሱ ትንሽ ፊዚክስ ይፈልጋል።

በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ 120 ዙር ይዞራል። ስለዚህ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የምትፈልጉት መረጃ ማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 4.2 ሚሊሰከንድ ያህል ትጠብቃላችሁ። ማንበቢያው ራሱ ከጫፍ ወደ መሃል የሚሄድበት ጊዜ ሳይቆጠር ነው እንግዲህ። ለእኛ ዐይን ከመርገብ ያነሰ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን የዘላለም ያህል ነው። ሁለት ሥራ የበዛባቸው ሰንጠረዦች አንድ ዲስክ ላይ ሲሆኑ፣ ማንበቢያው በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ይውላል። ለየብቻ ዲስክ ብትሰጧቸው ሁለቱም ያርፋሉ። ሰንጠረዦችን በተለያየ ቦታ የማስቀመጥ ሐሳብ የተወደደው በዚህ ዘመን ነው። የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ ከመጣ ወዲህ ይህ ምክንያት ብዙ ጉልበቱን አጥቷል፤ የቦታና የዋጋ ምክንያቶች ግን እንዳሉ ናቸው።

መበተንም ግን ዕዳ አለው። እስቲ ለምሳሌ ያህል አንድ ዲስክ በዓመት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ 2 በመቶ ነው እንበል። ዳታቤዛችሁ በአንድ ዲስክ ላይ ከሆነ ሥጋታችሁ 2 በመቶ ነው። በአራት ዲስክ ላይ ብትበትኑትና ከአራቱ አንዱ ሲጠፋ ጠቅላላው የሚታመም ከሆነስ? አራቱም ደኅና የመሆናቸው ዕድል 0.98 አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 0.922 ነው። ሥጋታችሁ ወደ 7.8 በመቶ አደገ ማለት ነው። ይህ የፈጠራ ሥጋት አይደለም። የፖስትግሬስ መመሪያ ራሱ ተጨማሪ ቦታዎቹ የዳታቤዙ አካል እንጂ ተነጥለው የሚቆሙ እንዳልሆኑ፣ አንዱ ቢጠፋ ሰርቨሩ በጠቅላላ ላይነሳ እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

እንግዲህ ክርክሩ ይህ ነው። አንድ ቦታ ማድረግ ያቀላል፣ ያጣብባል። መበተን ያስፋፋል፣ ያጋልጣል። ነባሪ የሚመርጥ ሰው ከሁለቱ አንዱን ለማያውቀው ሰው ይመርጥለታል።

ፖስትግሬስ፦ ጨዋ ነው፣ ግን ዝምታ ያበዛል

ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በጥር 2005 በወጣው 8.0 ስሪቱ «ቴብልስፔስ» የሚባለውን ነገር ለተጠቃሚ ሰጠ። ቴብልስፔስ ማለት በቀላሉ ዲስክ ላይ ላለ ፎልደር የተሰጠ ስም ነው። «ፈጣኑ»፣ «አሮጌው መዝገብ» እያላችሁ ትሰይማላችሁ፤ ሰንጠረዥ ስትፈጥሩ «እዚያ አድርገው» ትላላችሁ።

ካላላችሁስ? ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ሰንጠረዡ ሲፈጠር በቀጥታ የተነገረው ይከበራል። ካልተነገረ ነባሪ ቴብልስፔስ የሚለው ቅንብር ይታያል። እሱም ባዶ ከሆነ ዳታቤዙ ራሱ ያለበት ቦታ ይወሰዳል። ይህ አሠራር ደስ ይለኛል። በቅርብ ያለው ትእዛዝ የራቀውን ይሽራል፤ ማን የማንን ቃል እንደሚሽር ለመገመት አትቸገሩም። ከፋብሪካ ሲወጣ ቅንብሩ ባዶ መሆኑም ልክ ነው። ስለ እናንተ ዲስኮች የማያውቅ ሰው ባይገምት ይሻላል።

አሁን ወደ ማልወደው ልምጣ። አንድ ክሊኒክ አዲስ ትልቅ ዲስክ ገዛ እንበል። ባለሙያው ቴብልስፔሱን ፈጠረ፣ ከዚያ የቅንብር ፋይሉን ከፍቶ ነባሪው እሱ እንዲሆን ስሙን ጻፈ። ግን አንድ ፊደል ተሳሳተ። ፖስትግሬስ በዚህ ስም ምንም ቴብልስፔስ እንደሌለ ሲያይ ምን ያደርጋል? ሰንጠረዡን አልፈጥርም አይልም። ዝም ብሎ ወደ ዳታቤዙ የድሮ ቦታ ይመለሳል። ሰንጠረዡ ይፈጠራል፣ ታካሚ ይመዘገባል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከወራት በኋላ ትንሹ ዲስክ ይሞላል፤ ትልቁ ግን እንደተገዛ ባዶውን ነው። «ዝምታ ወርቅ ነው» ይባላል። ለሰው ሊሆን ይችላል፤ ለሶፍትዌር ግን አይደለም።

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የሌላውን ወገን እንስማ። ይህ ዝምታ ያለምክንያት አልመጣም። ዳታቤዝን ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ስታዛውሩ፣ ይዘቱ በትእዛዞች ዝርዝር መልክ ይወጣና በአዲሱ ላይ እንደገና ይነበባል። በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ «ፈጣኑ» የሚባል ቴብልስፔስ ላይኖር ይችላል። እያንዳንዱ ሰንጠረዥ የቦታውን ስም በራሱ ትእዛዝ ውስጥ ቢሸከም፣ ስሙ ባልተገኘ ቁጥር ሰንጠረዡ ሳይፈጠር ይቀር ነበር። ለዚህ ነው የፖስትግሬስ ማውጫ መሣሪያ ቦታውን ከሰንጠረዡ ትእዛዝ ለይቶ፣ «ከዚህ በኋላ ነባሪው ይህ ይሁን» በሚል የተለየ መስመር የሚጽፈው። ያ መስመር ብቻውን ስሕተት ሆኖ ቢወድቅም ሰንጠረዡ በነባሪው ቦታ ይፈጠራል። ሌሊት ሰርቨር ተበላሽቶበት ባገኘው ኮምፒውተር ላይ መረጃ ለማስነሣት የሚታገል ሰው ይህን ይመርቃል። ለእሱ «የት ተቀመጠ?» ሁለተኛ ጥያቄ ነው፤ መጀመሪያ መረጃው መኖሩ ነው።

ስለዚህ የእኔ ቅሬታ «ለምን ይቅር ይላል?» የሚል አይደለም። «ይቅር ሲል ለምን አይናገርም?» ነው። በእጃችሁ ተይባችሁ ቅንብሩን ስትቀይሩ ስሙ ከሌለ ፖስትግሬስ ስሕተቱን ይነግራችኋል። በፋይል የተጻፈውን ግን ሰንጠረዡ በሚፈጠርበት ሰዓት «የተባለውን ቦታ አላገኘሁትም፣ እዚህ አድርጌዋለሁ» ብሎ አንዲት መስመር አያወጣም። እምነት የሚጠፋው በዚህ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንድን ሰንጠረዥ በግልጽ «ፈጣኑ» ላይ አድርጌዋለሁ ብላችሁ ረክታችኋል። መረጃ ለመፈለግ የሚያገለግለው ኢንዴክስስ? እሱ ለብቻው ካልተነገረለት ሰንጠረዡን አይከተልም፤ ነባሪውን ነው የሚከተለው። ሰንጠረዡን በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ብታዛውሩትም ኢንዴክሶቹ ባሉበት ይቀራሉ። አመክንዮው አለው፣ ሁለቱን ለይቶ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ይኖራል። ግን ከአሥር ተጠቃሚ ስንቱ ይህን ይጠብቃል? እኔ ብሆን ልጅ እናቱን ይከተል እል ነበር።

ከሁሉ ከባዱ ግን ይሄኛው ነው። ፖስትግሬስ ማንኛውንም ለውጥ ሰንጠረዡ ፋይል ላይ ከማሳረፉ በፊት በአንድ የለውጥ መዝገብ ላይ ይጽፈዋል። መብራት ድንገት ቢጠፋ መረጃውን የሚያድነው ይህ መዝገብ ነው። በነባሪው አቀማመጥ መዝገቡም ሰንጠረዦቹም በአንድ ዋና ፎልደር ሥር ናቸው፤ ስለዚህ በአንድ ዲስክ ላይ ናቸው። ሰንጠረዦች ብቻ ያሉበት ዲስክ ቢሞላ መረጃው አይበላሽም፤ አዲስ መጻፍ ብቻ ያቅታል። መዝገቡ ያለበት ዲስክ ቢሞላ ግን ሰርቨሩ ደንግጦ ሊዘጋ ይችላል። አንድ ማንም ያልተቆጣጠረው ሰንጠረዥ ሲያብጥ፣ የጠቅላላውን ቤት መዝገብ አፍኖ በሩን ያዘጋዋል ማለት ነው። መዝገቡን ወደ ሌላ ዲስክ መለየት ይቻላል፤ ገና ሲጫን መናገር ይበቃል። ግን ማን ይናገራል? ከላይ ያየነው የ12 በመቶ ነገር እዚህም አለ።

ማይኤስኪውኤል፦ የማይጎድለው ጎተራ

ማይኤስኪውኤል መረጃ የሚያስቀምጥበት ዋና ሞተር ኢኖዲቢ ይባላል። በቀድሞው ነባሪ አሠራር የሰንጠረዦች ሁሉ መረጃ አይቢዳታ1 በሚባል አንድ የጋራ ፋይል ውስጥ ይገባ ነበር። የመንደሩ እህል ሁሉ በአንድ ጎተራ እንደማለት ነው። አንዱ ሲያወጣ የሌላው በቦታው ይገባል፣ ፋይሉ ጥቂት ነው፣ አያያዙም ቀላል ነው። ጥሩ አይደል?

ጎተራው ግን ይሰፋል እንጂ አይጠብም። መቶ ጊጋባይት የሚያህል ሰንጠረዥ ብታጠፉ፣ ቦታው ለሌሎች ሰንጠረዦች ይለቀቃል እንጂ ለኮምፒውተሩ አይመለስም። ዲስኩ ሞልቶ ጨንቋችሁ አሮጌ መረጃ ስታጠፉ ባዶ ቦታው አንዲት ባይት አልጨመረም! የነበረው መፍትሔ መረጃውን በሙሉ ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ፋይሉን አጥፍቶ፣ ሁሉን እንደገና ማስገባት ነበር። ለማውጣት ደግሞ ቦታ ያስፈልጋል፤ የጨነቃችሁ ቦታ ስለሌለ ነው። አዙሪቱን አያችሁት?

እ.ኤ.አ. በ2013 ለአጠቃላይ አገልግሎት በወጣው 5.6 ስሪት ነባሪው ተቀየረ። እያንዳንዱ ሰንጠረዥ የራሱ ፋይል እንዲኖረው ተደረገ፤ ከጎተራ ወደየራስ ጆንያ እንደማለት። ሰንጠረዡ ሲጠፋ ፋይሉም ይጠፋል፣ ቦታውም ይመለሳል። ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሰንጠረዡ በሺዎች ሲሆን ፋይሉም በሺዎች ይሆናል። በየጆንያው ውስጥ ሌላው የማይጠቀምበት ትርፍ ቦታ ይቀራል። ዲስክ ላይ ማሳረፉም ለየፋይሉ የሚደረግ ሥራ ይሆናል። እኔ ግን ለውጡን ከልቤ እደግፋለሁ። ምክንያቴም ቀላል ነው። ተጠቃሚው በሚያውቀው ዓለም ውስጥ «ማጥፋት» ቦታ ማስለቀቅ ነው። ነባሪ ሰው ከሚጠብቀው ጋር ሲስማማ መመሪያ ያላነበበውንም አያሳፍረውም።

አንድ ትዝብት ግን አለኝ። አማራጩ ነባሪ ከመሆኑ በፊት ለዓመታት ነበር፤ የሚያውቁት ያበሩት ነበር፣ የማያውቁት ግን ጎተራቸውን ሲሞሉ ኖሩ። ነባሪው ሲቀየርም የተቀየረው ለአዲስ ሰንጠረዦች ብቻ ነው። የድሮዎቹ እንደገና እስካልተሠሩ ድረስ ጎተራው ውስጥ ቀሩ። ይህ የሁሉም ነባሪዎች ጠባይ ነው፤ የነገውን ይለውጣል እንጂ የትናንቱን አይነካም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ ቀን በችኮላ የተመረጠ ነባሪ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላም አንድ ሰው ሌሊት ተቀምጦ የሚፈታው ቋጠሮ ይሆናል።

ኦራክል፦ እንግዳ ግምጃ ቤት ሲያድር

ኦራክል ሲስተም የሚባል ቴብልስፔስ አለው። ዳታቤዙ ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር ሁሉ፣ ማለትም የትኛው ሰንጠረዥ የማን እንደሆነ፣ ምን ዓምድ እንዳለው፣ ማን ምን እንደተፈቀደለት የተጻፈበት መዝገበ ቃላት የሚቀመጠው እዚያ ነው። በድሮዎቹ ስሪቶች ግን አዲስ ተጠቃሚ ሲፈጠር ነባሪ ቦታ ካልተሰጠው፣ ነባሪው ይኸው ሲስተም ነበር! እንግዳ ሲመጣ አልጋ አልተዘጋጀም ብሎ የንጉሡ ግምጃ ቤት ውስጥ እንደማሳደር ነው። የእንግዳው ጓዝ ሲበዛ ግምጃ ቤቱ ይሞላል። 10ጂ በሚባለው ስሪት ለጠቅላላው ዳታቤዝ አንድ ነባሪ ቴብልስፔስ መሰየም ተቻለ፣ ተጠቃሚዎችም ወደዚያ ይሄዱ ጀመር። በዚህ የድሮ ነባሪ ላይ ፍርዴ ያለማመንታት ነው። ጥንቃቄ የጎደለው ምርጫ ነበር። ቀላልነት ይገዛል ቢባል እንኳ፣ ቤቱ የቆመበት ነገር ከእንግዳ ዕቃ ጋር መደባለቅ የለበትም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨርም አለ። ዊንዶውስ ላይ ስትጭኑትና ቦታ ሳትቀይሩ ስታልፉ፣ የመረጃ ፋይሎቹ ሲ ድራይቭ ላይ ፕሮግራም ፋይልስ ሥር ይገባሉ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያው ነው። ዳታቤዙ ሲያብጥ ጠቅላላ ኮምፒውተሩ አብሮ ይታመማል። በትንሽ ላፕቶፕ ላይ ለሚማር ልጅ ይህ ችግር አይደለም፤ እንደዚያው ተጭኖ ወደ ሥራ ለገባ ሰርቨር ግን ችግር ነው።

«የቆምክበት ቦታ» የሚባለው ነባሪ

አንድ ተማሪዬ የመመረቂያ ሥራውን ሊያቀርብ ሁለት ቀን ሲቀረው ፊቱ ጠቁሮ ቢሮዬ መጣ። «መምህር፣ ዳታዬ በሙሉ ጠፋብኝ» አለኝ። ሦስት ሳምንት የሰበሰበው መረጃ ነው። ፕሮግራሙን ሲያስነሣ «እንዲህ የሚባል ሰንጠረዥ የለም» ይለዋል። ይጠቀም የነበረው ኤስኪውላይት ነው፤ ጠቅላላ ዳታቤዙ አንድ ፋይል የሆነለት፣ ስልካችሁ ውስጥም ያለው ቀላሉ ዳታቤዝ።

ምን ሆኖ ነው? ፕሮግራሙ ላይ የጻፈው የፋይሉን ስም ብቻ ነው፤ ሙሉ አድራሻውን አልጻፈም። እንዲህ ሲሆን ፋይሉ የሚፈለገው ፕሮግራሙ በተነሣበት ፎልደር ውስጥ ነው። ያን ቀን ፕሮግራሙን ያስነሣው ከሌላ ፎልደር ነበር። ኤስኪውላይት ደግሞ የተባለውን ፋይል ካጣው፣ በተለመደው አከፋፈት፣ በዚያ ስም አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ይፈጥራል። ስለዚህ «ፋይሉን አላገኘሁትም» በማለት ፈንታ ባዶ ቤት ሠርቶ አስገባው። ልጁም ባዶውን ቤት አይቶ ተዘረፍኩ አለ። መረጃው በነበረበት ፎልደር ውስጥ በሰላም ተቀምጦ ነበር፤ በአሥር ደቂቃ አገኘነው። ግን ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈው እሱ ያውቃል።

ስፓርክ የሚባለው የትልልቅ መረጃ ማቀነባበሪያም ሌላ ካልተነገረው ሰንጠረዦቹን በተነሣበት ፎልደር ውስጥ በሚፈጥረው ንዑስ ፎልደር ያስቀምጣል። የዚህ ዓይነቱ ነባሪ ደግነቱ ግልጽ ነው። ምንም ሳታዘጋጁ፣ ምንም ፈቃድ ሳትጠይቁ ወዲያው ትጀምራላችሁ፤ ለመማሪያ እንዲህ የሚመች ነገር የለም። ክፋቱ ደግሞ ነባሪው ቋሚ ቦታ አለመሆኑ ነው። እናንተ በተንቀሳቀሳችሁ ቁጥር እሱም ይንቀሳቀሳል። ለሙከራ ይሁን፤ ለሚቆይ መረጃ ግን አይሁን።

ቦታ የባለቤትነት ጉዳይም እንደሚሆን ለማየት ሀይቭን ጠቅሼ ላብቃ። ሀይቭ ውስጥ በተለመደው መንገድ የተፈጠረ ሰንጠረዥ ሀይቭ ራሱ የሚያስተዳድረው መጋዘን ውስጥ ይገባል፤ ሰንጠረዡን ስታጠፉ መረጃውም አብሮ ይጠፋል። «ውጫዊ» ብላችሁ የፈጠራችሁት ሰንጠረዥ ሲጠፋ ግን የሚጠፋው ስሙና መግለጫው ብቻ ነው፤ ፋይሎቹ ባሉበት ይቀራሉ። የትእዛዙ ቃል አንድ፣ ውጤቱ ሁለት። አንዲት ቃል መርሳት መረጃን ያህል ነገር ሊያስከፍል ይችላል።

ታዲያ ጥሩ ነባሪ ምን ይመስላል?

ይህን ሁሉ አይቼ የደረስኩበት መመዘኛ አራት ነው።

አንደኛ፣ የቤቱን ምሰሶ ከእንግዳ ዕቃ ይለይ። የለውጥ መዝገብና የዳታቤዙ የራሱ መዝገበ ቃላት፣ ተጠቃሚ የፈጠረው ሰንጠረዥ ሲያብጥ የሚታፈኑበት ቦታ ላይ መሆን የለባቸውም። የድሮው ኦራክል እዚህ ላይ ወድቋል፤ ፖስትግሬስም ሙሉ ማርክ አያገኝም።

ሁለተኛ፣ ሰው የሚጠብቀውን ያድርግ። ማጥፋት ቦታ ይመልስ፤ ኢንዴክስ ሰንጠረዡን ይከተል። የአሁኑ ማይኤስኪውኤል በማጥፋቱ ነገር አልፏል።

ሦስተኛ፣ የታዘዘውን መፈጸም ሲያቅተው ይናገር። ይቅር ባይነትና ዝምታ አንድ አይደሉም። ፖስትግሬስ ይቅር ማለቱን ይቀጥል፣ ግን አንዲት ማስጠንቀቂያ ይጣል። ኤስኪውላይትም ባዶ ቤት ሲሠራ «አዲስ ነው» የሚል ምልክት ቢኖረው ኖሮ ተማሪዬ ሌሊቱን ይተኛ ነበር።

አራተኛ፣ ለመውጣት ቀላል ይሁን። ነባሪ ሁሌም ለአንዳንድ ሰው ስሕተት ይሆናል፤ ይህን ማስቀረት አይቻልም። ስለዚህ የመውጫው ዋጋ ከመግቢያው እኩል ይመዘን። ፖስትግሬስ ሰንጠረዥን ወደ ሌላ ቴብልስፔስ ሲያዛውር ፋይሉን ይገለብጣል፤ ሥራው እስኪያልቅም ሰንጠረዡን ማንም እንዳያነበው እንዳይጽፍበት ይቆልፋል። ለትንሽ ሰንጠረዥ ሰከንድ ነው፤ ቀን ከሌት ለሚሠራ ትልቅ ሥርዓት ግን ከባድ ነገር ነው። ይህን ሲያስቡት የመጀመሪያው ቀን ምርጫ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባል።

ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በመሐንዲሶቹ ላይ እንዳንጭን። አንድ ሶፍትዌር በተማሪ ላፕቶፕም፣ በባንክ የማሽን ክፍልም እንዲጫን ይጠበቅበታል። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ነባሪ የለም። ለተማሪው ቀላል ካደረጉት ባንኩ ይጎዳል፤ ለባንኩ ብለው አሥር ጥያቄ ከጠየቁ ተማሪው ገና ሳይጀምር ይሸሻል። ብዙዎቹ ተማሪውን መርጠዋል። እኔም ብሆን ተማሪውን እመርጥ ነበር፤ ነገ ባንኩን የሚሠራው እሱ ነውና። ያን ጊዜ ግን «ይህ ቀላሉ አቀማመጥ ነው፣ ሥራው ሲያድግ ቀይረው» ብሎ መንገር ግዴታ ይሆናል።

የቤት ሥራ ልስጣችሁና እንለያይ። ላፕቶፓችሁ ላይ የጫናችሁት ዳታቤዝ ካለ፣ ዛሬ ማታ አንድ ሰንጠረዥ ፍጠሩና ፋይሉ በትክክል የት ፎልደር ውስጥ እንዳረፈ ፈልጋችሁ አግኙ። ከዚያ ያ ዲስክ ስንት ባዶ ቦታ እንደቀረው ተመልከቱ። ዳታቤዝ ከሌላችሁም ስልካችሁ አለ። ቅንብሮች ውስጥ ግቡና ካሜራው ፎቶ የሚያስቀምጠው የት እንደሆነ እዩ። ምናልባት ባለበት ትተዉት ትወጡ ይሆናል፤ እሱም ጥሩ ነው። ቢያንስ ከዛሬ በኋላ አውቃችሁ የተዋችሁት ይሆናል።